የላፍቶው ወይራና የእማማ ትሩፋት ውሸት

የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልናገርም። ብናገር ነገ ጠዋት ሰበካ ጉባኤው በሬ ላይ ነው፤ እነሱን ቁጭ ብሎ ከማስተናገድ ያለ ማደንዘዣ ጥርስ መነቀል ይሻላል። ላፍቶ ውስጥ ነው፤ ይህ ይበቃችኋል። ዓመቱ ሰማንያ ሰባት፣ ሰፈሩም ከተማ ይሁን ገጠር ገና ያልለየለት፣ ከአጥሩ ወዲህ ሲሚንቶ እየተቦካ ከአጥሩ ወዲያ ላም የሚታለብበት ነበር። ከግቢው በር ገባ እንዳሉ አንድ ትልቅ ወይራ ነበረ፤ ግንዱን አንድ ጎልማሳ አቅፎ አይጨርሰውም። ከሥሩ እማማ ትሩፋት ይቀመጡ ነበር።

እማማ ትሩፋት ጧፍ ሻጭ ናቸው። ከቡልጋ በወጣትነታቸው መጥተው፣ ክር ፋብሪካ ጉልበታቸውን ጨርሰው፣ ባል ቀብረው፣ በመጨረሻ አንዲት ዱካና አንድ ሰፌድ ጧፍ ይዘው እዚህ ወይራ ሥር የተቀመጡ ሰው ናቸው። ምላሳቸው ምላጭ ነው። ትንሿን ጧፍ ገዝቶ ትልቁን ቪላ ሊለምን የሚገባውን ሁሉ በዓይናቸው እስከ መቅደሱ በር ይሸኙታል፤ ሲወጣ ደግሞ፣ እንዴት ነው፣ ተስማማችሁ ወይ ብለው ይጠይቁታል። ሰው ይስቃል፤ እሳቸው ግን አይስቁም።

ሌላው ሰው ስለ ልጁ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ደመወዝ ጭማሪው ሲጸልይ እማማ ትሩፋት ስለ ወይራው ይጸልዩ ነበር። ቅድስና እንዳይመስላችሁ፤ መጀመሪያ ነገሩ ጥቅም ነው። ጥላው ከሌለ ጧፉ በፀሐይ ቀልጦ ይጎብጣል፤ የጎበጠ ጧፍ ደግሞ ማን ይገዛል? ስለዚህ ጠዋት ጠዋት፣ ጌታዬ ይህን ጥላ አትንሳኝ ይሉ ነበር። እያደር ጸሎቱ ከጧፍ አለፈ። ቅርንጫፉ ላይ ለሚያድሩት ርግቦች መለመን ጀመሩ፤ ከዚያ ግንዱ ላይ ለሚሄደው ጉንዳን፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ለሚረግመው ቁራ ሳይቀር። ለቁራ የሚጸልይ ክርስቲያን በመላው ላፍቶ እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

በቅዳሴው ላይ ዲያቆኑ ስለ ዝናብ፣ ስለ ወንዝ ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ጸልዩ ሲል ሕዝቡ ኪርያላይሶን ይላል፤ ልቡ ግን ቤቱ፣ ምሳው ጋ ነው። እማማ ትሩፋት ያን ጊዜ ዞር ብለው በበሩ በኩል ወይራውን ያዩታል፤ አንተን ማለቱ ነው እንደ ማለት። ባደጉበት አገር የቤተ ክርስቲያን ዛፍ የታቦቱ ልብስ ነው፤ ማንም አይነካውም፣ ደረቁን ጭራሮ እንኳ ቤቱ የሚወስድ የለም። ከተማ ሲመጡ ታቦት ያለ ልብስ መቆም እንደሚችል ተማሩ።

ያስተማሯቸው አቶ ምትኩ ናቸው። አቶ ምትኩ የሰበካ ጉባኤው ምክትል ሊቀመንበር፣ በደርግ ጊዜ ደግሞ የቀበሌ ሰው ነበሩ። ያኔ ከአፋቸው «አብዮታዊ እርምጃ» የሚል ቃል አይጠፋም ነበር፤ መንግሥት ሲለወጥ አፋቸው አንድ ቀን እንኳ ሳያርፍ «ልማት» ወደሚለው ተሻገረ። ለእሳቸው ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው፤ በሁለቱም የሚወድቅ ነገር አለ።

በመጋቢት ላይ አቶ ምትኩ ወይራው ተቆርጦ በቦታው ለኪራይ የሚሆኑ ሱቆች ይሠሩ የሚል ሐሳብ አመጡ። ጉባኤው አጨበጨበ። እማማ ትሩፋት ቢሮ ድረስ ገብተው ለመኑ። ያ ሁሉ ወፍ የት ይደር፣ ሽማግሌው ከፀሐይ የት ይጠለል፣ አባቶች ተክለው ያቆዩትን እኛ ለስኳርና ለሳሙና መሸጫ እናጥፋው ወይ አሉ። አቶ ምትኩ በትዕግሥት ሰሟቸው። ትዕግሥታቸው እንደ ወንበራቸው ሰፊ ነው፤ ሰምተው ሲያበቁም የነበሩበት ነው የሚቀመጡት።

«እማማ፣ ዛፉን እግዚአብሔር የትም ያበቅለዋል» አሉ። «ሱቅ ግን አያበቅልም። እሱ የእኛ ፋንታ ነው።»

ቄስ ጸጋአብም እዚያው ተቀምጠው ነበር። የእማማ ትሩፋት የነፍስ አባት ናቸው፤ ደግ ሰው፣ ፈሪ ሰው። ጢማቸውን እየጎተቱ መሬት መሬት አዩ። ቆራጮቹ በግንቦት ልደታ ማግስት እንዲመጡ ተወሰነ፤ በዓሉ ሳያልፍ መቁረጥ ነውር ነው ተብሎ።

እማማ ትሩፋት ሱባኤ ገቡ። ጥሬ ቆርጥመው፣ ውኃ ተጎንጭተው፣ የሚያማቸውን ጉልበት እየጎተቱ ሰገዱ። ይህን ዛፍ አድንልኝ፣ ሌላ ምንም አልጠይቅህም አሉት። እግዚአብሔር ዝም አለ። ዝም ማለት ለእሱ ልማዱ ነው፤ ለእማማ ትሩፋት ግን አይደለም።

ግንቦት አንድ ቀን የሰፈሩ ሰው ንፍሮውንና ዳቦውን ይዞ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። ልደታ ከቤት ውጭ ነው የምትከበረው፤ በዓመት አንድ ቀን ሰው ዛፍ የሚባል ነገር መኖሩ ትዝ ይለዋል። ይበላል፣ ይመረቃል፣ ይሳሳቃል። ነገ ስለሚወድቀው ወይራ ግን ትንፍሽ ያለ የለም። እንዲያውም አንዷ ሴትዮ፣ ጀርባዋን ለግንዱ አስደግፋ፣ ከሱቆቹ አንዱ ለልጇ እንዲሰጥላት ለማን ማመልከት እንዳለባት ትጠይቅ ነበር። እማማ ትሩፋት የያዙትን ንፍሮ አስቀመጡ። አንጀታቸው አረረ። በዚያ እርር ድብን መሐል ብድግ አሉና ያላሰቡትን ተናገሩ።

«ይህ ወይራ ጉልበቴን አዳነኝ።»

ሰዉ ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ጉልበታቸው አለመዳኑን የሚያውቁት እሳቸውና ጉልበታቸው ብቻ ናቸው። ይህን ብቻ ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን የእኛ ሰው ተአምር ከነአወሳሰዱ ካልተነገረው መች ይረካል? እንዴት፣ በምን፣ ከምግብ በፊት ነው በኋላ እያለ ከበባቸው። እማማ ትሩፋት ተርበተበቱ። ውሸት ያልለመደ ሰው ችግሩ ይህ ነው፤ የለመደ ቢሆን የማይጎዳ ውሸት ይመርጥ ነበር። አፋቸው ላይ የመጣላቸውን ጣል አደረጉ።

«ቅርፊቱን ፍቄ በጠበል ጠጣሁት።»

ይቺን ቃል በኋላ መልሰው ሊውጧት ያልሞከሩበት ቀን የለም። ግን አንዴ ወጥታለች።

በማግስቱ ኢታና መጥረቢያውን ተሸክሞ መጣ። ኢታና የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው፤ የአባቱ ማሳ ለቪላ ከተሸነሸነ ወዲህ እንጀራው ዛፍ መቁረጥ ሆኗል። ሲደርስ ወይራው ዙሪያ ጧፍ በርቷል፣ ሕዝቡ ጫማውን አውልቆ ቆሟል፣ አንዲት ሴት ግንዱን አቅፋ ታለቅሳለች። ኢታና መጥረቢያውን አወረደ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ ተሳለመና ወደ መጣበት ዞረ። አቶ ምትኩ እስከ በር ተከትለው ቢቆጡትም፣ ጋሼ፣ እኔ ልጆች አሉኝ ብሎ ሄደ።

ወይራው ተረፈ። እማማ ትሩፋት ያን ቀን ሳቁም አለቀሱም። ጌታዬ ይቅር በለኝ አሉ፤ ግን አንተ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ እኔ ባልዋሸሁ።

ወሬው ሳሪስ ደረሰ፤ ከሳሪስ ቄራ፣ ከቄራ መካኒሳ። ከጀሞ በኩል ገበሬዎች በሽተኛ በአህያ ጭነው መጡ። ወይራው ጉልበት በማዳን ብቻ አልተወሰነም፤ ቀስ በቀስ ራስ ምታት፣ መካንነት፣ የባል አመል ሁሉ ያድን ጀመር። ከበሩ ማዶ ከሰል የምትሸጠው ዙሌካ እንኳ፣ ሙስሊም ሆና፣ ለእናቷ ትንሽ ቅርፊት በጋዜጣ ጠቅልላ ወሰደች፤ ሃይማኖቱ ይለያያል እንጂ ቁርጥማቱ አንድ ነው ብላ። ይህችን እንኳ ንግግሯ ደስ ስለሚል እምራታለሁ።

አቶ ምትኩም ሪህ ነበረባቸው። አንድ ማለዳ ከኪሳቸው ሰንጢ አውጥተው፣ ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አድርገው ሲፍቁ እማማ ትሩፋት አዩዋቸው። የፋቁት ትንሽ አይደለም፤ የምክትል ሊቀመንበር ድርሻ ነው። ከዚያ ወዲያ የሱቆቹ ነገር ተነስቶ አያውቅም። የምጽዋት ሣጥን ተሠርቶ ተቸነከረ፤ አዎ፣ በሚስማር፣ እዚያው ግንዱ ላይ። በጉባኤውም ላይ አቶ ምትኩ ተነስተው፣ የዚህ ዛፍ ቅድስና ቀድሞም ይሰማቸው እንደነበረና ከመጥረቢያ የጠበቁት በብዙ ትግል እንደሆነ ተናገሩ። ጉባኤው አጨበጨበ። ማጨብጨብ የሚችል ጉባኤ ነው።

ሕዝቡ ወይራውን እንደ ሙዝ ይልጠው ጀመር። በመጀመሪያ እጅ የሚደርስበት ተላጠ፤ ከዚያ ሰው እየተንጠራራ፣ ከዚያ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ እየወጣ። መስከረም ሲጠባ ግንዱ ዙሪያውን ራቁቱን ቆሞ ነበር። ከጉልበት በታች ያለው ቅርፊት ብቻ ተርፏል፤ ለበረከት ጎንበስ ማለት ማንም አልወደደም። በአገር ቤት ዛፍን ሳይቆርጡ መግደል የፈለጉ ሰዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ዙሪያውን ይልጡና ይተዉታል፤ ቆሞ ይሞታል። ልዩነቱ እዚህ እየተሳለሙ መሆኑ ነው።

እማማ ትሩፋት ከዱካቸው እየተነሱ መከላከል ጀመሩ። ተሳለሙትና ሂዱ፣ እባካችሁ አትላጡት ሲሉ፣ እርስዎ ድነው እኛን ይከለክላሉ ወይ ተባሉ። ቅናተኛ ተባሉ። ጧፋቸው ግን እንደዚያ ዓመት ተሸጦ አያውቅም። ይህም ያሳፍራቸው ጀመር፤ ሬሳ ፊት ገበያ የዘረጉ መሰላቸው። ማታ ቤታቸው ገብተው አለቀሱ።

ቄስ ጸጋአብ ዘንድ ሄደው ተናዘዙ። አባ፣ ዋሽቻለሁ፣ ጉልበቴ ዛሬም አላስተኛ ይለኛል፣ ተናግረው ያስቁሙልኝ አሉ። ቄሱ ወዲያ ወዲህ አይተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔስ ጨጓራ ታዲያ በምን ዳነ?» አሉ።

ለማሾፍ አልነበረም፤ የምር መልስ ይጠብቁ ነበር። ቄሱ ለውሸቱ ስግደት አዘዙላቸው፣ መስቀላቸውን አሳልመው ሸኟቸው፤ ስለ ዛፉ ግን ነገ ዛሬ ሲሉ ኅዳር ገባ።

በኅዳር ጽዮን ዕለት እማማ ትሩፋት ራሳቸው ሊናገሩ ቆረጡ። ቅዳሴ ወጥቶ ሕዝቡ ሳይበተን፣ ነጠላቸውን አደግድገው ወይራው ፊት ቆሙ።

«ዋሽቻችኋለሁ» አሉ ጮክ ብለው። «ይህ ዛፍ ማንንም አላዳነም። እንዳይቆርጡት ብዬ ነው የዋሸሁት። አሁን እየገደላችሁት ያላችሁት እናንተ ናችሁ፤ ያስገደልኩት ግን እኔ ነኝ። ስለ እግዚአብሔር ብላችሁ ተዉት።»

ሕዝቡ አዳመጠ። እንባ ያቀረረም ነበር። እማማ ትሩፋት ለአንድ አፍታ ተስፋ አደረጉ። ከዚያ ከፊት የቆመች አንዲት ወይዘሮ ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አለችና፣ አየሽ ትሕትና፣ ጸጋ ያለው ሰው እንዲህ ነው የሚደብቀው አለቻት። ነገሩ በዚህ አለቀ። ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፣ ሰዉ እልል አለ፣ ቅርፊት ፈላጊው በእጥፍ ጨመረ። ያን ቀን ከእማማ ትሩፋት ነጠላ ጥለት ላይ ሳይቀር ለበረከት ክር የመዘዙ አሉ። ቤታቸው የገቡት ዳር ዳሩ በተተለተለ ነጠላ ነው።

በታኅሣሥ ቅጠሉ መገርጣት ጀመረ። ርግቦቹ ቀድመው አወቁ መሰለኝ፣ አንድ ጠዋት አልነበሩም። አሁን አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል፤ እሱንም ቡልጋ ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ወይራ ሥሩ ሕያው ሳለ ከታች፣ ቅርፊቱ ባልተነካበት በኩል ከተቆረጠ፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከዘገየ ግን ሥሩም ይደርቃል። እንግዲህ ወይራውን ሊያድን የሚችለው ያው በግንቦት የተሸሸው መጥረቢያ ነው። እማማ ትሩፋት ይህ ሲገባቸው ዱካቸው ላይ ቁጭ ብለው ለብቻቸው ሳቁ፤ ደስ የሚል ሳቅ ግን አልነበረም።

አቶ ምትኩ ዘንድ ሄደው፣ ያኔ ይቆረጥ ብለው ነበር፣ እንግዲህ ያስቆርጡት አሉ። አቶ ምትኩ አማተቡ። ቅዱስ ዛፍ ይቆረጣል ወይ፣ ምን ነካዎት እማማ፣ ኧረ ጠበል ይግቡ አሏቸው። እውነትም የደነገጡ ይመስሉ ነበር።

ስለዚህ ኢታና ዘንድ ሄዱ። በረት ሲጠርግ አገኙትና ከንፍሮው ቀን ጀምሮ ያለውን ሁሉ ሳይደብቁ ነገሩት።

ኢታና አካፋውን ተደግፎ አዳመጠ። «ልቁረጥ ስል ቅዱስ ነው አላችሁኝ» አለ። «ቅዱስ ነው ብዬ ስተወው ደግሞ ቁረጥ ይሉኛል። እማማ፣ እርስዎና እግዚአብሔር መጀመሪያ ተስማምታችሁ ብትመጡ ምን አለ?»

ቢሆንም አመናቸው። እናቱ ያን ቅርፊት ጠጥታ ሆዷን አሟት ሰንብቶ ነበርና ለማመን አልተቸገረም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ የመጀመሪያውን ምት የሚመቱት እማማ ትሩፋት ይሁኑ፤ ኃጢአት ከሆነ ደጃፉን የከፈቱት እሳቸው ይሆናሉ። ተስማሙ።

ጥምቀት ዕለት ታቦቱ በከተራ ወጥቶ ሜዳ አድሯል፣ ላፍቶ በሙሉ እሱን አጅቦ ወጥቷል። የግቢው ዘበኛ እንኳ ማለዳ፣ አንዴ አይቼ ልምጣ ብሎ ሄዷል። ኢታና ከወንድሙ ጋር መጥረቢያና ትልቅ መጋዝ ይዞ ገባ። እማማ ትሩፋት በሚያማቸው ጉልበት ተንበረከኩ። ጌታዬ፣ በውሸት አስተረፍኩት፣ ገደልኩትም፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ ሥሩ ግን ያንተ ነው አሉ። ከዚያ ተነስተው መጥረቢያውን ባላቸው አቅም አሳረፉ። የወይራ እንጨት ነውና መጥረቢያው ነጥሮ ተመለሰ፤ ጭረት እንኳ አላወጣም። ኢታና ግን ይበቃል አለ። ወንድማማቾቹ ዝቅ ብለው፣ ቅርፊቱ በተረፈበት በኩል፣ ላብ በላብ ሆነው ሠሩ። ወይራው ሲወድቅ መሬቱ ተነቃነቀ። እማማ ትሩፋት ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

ታቦቱ በእልልታና በከበሮ ሲመለስ ግቢው አፍ ላይ ከበሮው ቀጥ አለ። ወንድማማቾቹ ሄደዋል፤ ከወደቀው ግንድ አጠገብ እማማ ትሩፋት ብቻቸውን ቆመዋል። ማን ነው ይህን ያደረገ ብለው አቶ ምትኩ ጮኹ። እኔ ነኝ አሉ እማማ ትሩፋት። ለምን ሲባሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ያቆጠቁጣል፣ አይሞትም፣ ታገሱ ሊሉ ነበር። ከዚያ የሕዝቡን እጆች አዩ። በዚህ በዓል ቀን እንኳ ሰንጢ የያዘ ነበር። በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምላሳቸውን ዋጡ።

ታቦቱ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ለወይራው አለቀሰ። አልቅሶ ሲጨርስ ተካፈለው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጭራሮ አልቀረም፤ ወፍራሙን ግንድ አቶ ምትኩ በጋሪ አስጫኑት፣ ለበረከት። ሰበካ ጉባኤው ደግሞ ተሰብስቦ እማማ ትሩፋት ግቢው ውስጥ ጧፍ እንዳይሸጡ አገደ። ቄስ ጸጋአብ፣ ሰው ፊት ቀና ብለው ሳያዩዋቸው፣ ዓመት ሙሉ ግቢውን እንዲጠርጉ ቀኖና ሰጧቸው። ከሃዲ ያላቸውም ነበር፤ ስለ ነፍሳቸው የሚጸልይላቸውም ነበር። እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠላቸው። ሱቆቹ በሌላው አጥር በኩል ተሠሩ። ጉቶው ያለበት ቦታ ላይ ለመሥራት የደፈረ የለም፤ የተቀደሰ መሬት ነዋ።

እማማ ትሩፋት ጠረጉ። ጾሙን ጠረጉ፣ ፋሲካን ጠረጉ። በየጠዋቱ ጉቶውን አየት ያደርጉታል፤ ደረቅ ነው። ዘግይቼ ይሆን፣ በከንቱ ይሆን ያዋረድኩት እያሉ ሲብሰለሰሉ ሰነበቱ። ሰኔ ላይ ዝናቡ ጠንከር ካለ በኋላ አንድ ጠዋት ሲጠርጉ ከጉቶው ሥር ቀላ ያለ ነገር አዩ። ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነኩት። ቡቃያ ነው፤ አንድ አይደለም፣ ዙሪያውን ነው፣ ጫፉ ገና ያልተገለጠ ቅጠል። እልል ሊሉ አፋቸው ተከፈተ። መጥረጊያ በያዘው እጃቸው አፋቸውን አፈኑት።

ከበሩ በኩል ሰው እየገባ ነበር። እማማ ትሩፋት በፍጥነት አሰቡ። የእኛ ሕዝበ ክርስቲያን በዚህ ዓለም ላይ ለበረከት የማይነካው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ቆሻሻ ነው። የጠረጉትን ሁሉ አመጡ፤ የበሰበሰ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ፌስታል፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ከምጽዋት የተረፈ የሻገተ ዳቦ። በጉቶው ዙሪያ ከመሩት፤ ብርሃን እንዲገባው መሐሉን ብቻ ክፍት ተዉለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሻሻው ሁሉ እዚያ ነው የሚጣለው።

አንድ ቀን አቶ ምትኩ በዚያ ሲያልፉ አፍንጫቸውን ያዙ። ይህን የተቀደሰ ቦታ ቆሻሻ መጣያ አደረጉት እንዴ ብለው ተቆጡ። እማማ ትሩፋት እስኪቀርቡ ሳይጠብቁ መለሱላቸው።

«አዎ አቶ ምትኩ። አይጠጉ፣ ይሸታል።»

አቶ ምትኩ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ ይቺ ሴትዮ ለይቶላታል እያሉ ሄዱ። እማማ ትሩፋት ሰውየው እስኪርቁ ድረስ ቆሙ። ከዚያ ቁጭ ብለው ቆሻሻውን በእጃቸው ገለጥ አደረጉት። ቡቃያዎቹ ክንድ ሊሞሉ ምንም አልቀራቸውም፤ ቅጠላቸው ከሥሩ አመድማ፣ ከላይ ያብረቀርቃል። ዙሪያቸውን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጌታዬ፣ አሳድገው» አሉት። «ግን አደራህን፣ ተአምር እንዳታደርግበት።»